በሳተላይት የስበት መረጃ የአካባቢን ውሃ መጨመርና መቀነስ እንዴት ማየት ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ውሃ ወሬ ከተነሳ ፋብሪካው በዛ፣ ጉድጓዱ በዛ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ሊያልቅ ነው የሚል ክርክር አይጠፋም። መሃል ላይ አንዱ “ሳተላይት የምድርን ስበት ለክቶ ውሃውን ያሳያል አሉ” ይላል። እውነት ነው፣ ያሳያል። መረጃውም በነፃ ይገኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሳተላይቶች 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው በአንድ መስመር ይከታተላሉ። መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ክብደት ወደጨመረበት ቦታ ሲቃረቡ የፊተኛው ቀድሞ ይሳባል፣ ርቀታቸውም በጥቂቱ ይሰፋል። ይህችን ለውጥ በማይክሮ ሜትር ደረጃ ይለኩና ከወር ወር ያለው ልዩነት ይሰላል። የመጀመሪያዎቹ፣ ግሬስ የሚባሉት፣ ከ2002 እስከ 2017 ሠሩ፤ ተተኪዎቹ ግሬስ-ፎሎው ኦን በግንቦት 2018 ተመነጠቁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ የምጽፈው ፋይሉም እንደዚያው ስለሆነ ነው።)

መጀመሪያ ናሳ ላይ ነፃ አካውንት ይክፈቱና “ማስኮን” የሚባለውን ወርሃዊ መረጃ ያውርዱ። ሌላም ዓይነት አለ፤ እሱ ግን ካርታው ላይ የሚወጣውን ሽንትር ራስዎ እንዲያጸዱ ስለሚያስገድድ ለጀማሪ አልመክረውም። ፋይሉን ለማየት ፓኖፕሊ የሚባለው የናሳ ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፣ ለማስላት የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይሻላል። ኤክሴልን ለመጨረሻው ግራፍ ይተዉት። ቁጥሩ በሴንቲ ሜትር የውሃ ውፍረት የተሰጠ ሲሆን ዜሮ ማለት የ2004–2009 አማካይ ነው። ስለዚህ “-5” ካዩ ከዚያ አማካይ በታች ነው ማለት እንጂ ውሃ አለቀ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ቦታ መምረጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ካርታው በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው፤ በጄፒኤል (የናሳ ቤተ ሙከራ) ፋይል እያንዳንዱ ግማሽ ዲግሪ፣ ማለትም 55 ኪሎ ሜትር ገደማ። ደብረ ብርሃን ያረፈችበትን ነክተው ቁጥሩን ሲያዩ የከተማዋን ውሃ ያገኙ ይመስላል። አይደለም። እውነተኛው ልኬት በሦስት ዲግሪ ስፋት፣ በአንድ ወገን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሄድ ቦታ ላይ ነው፤ ትንንሾቹ የዚያው ቁጥር ቁራጮች ናቸው። የአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋ ዞን በሙሉ 16 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንዱ ልኬት ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዞኑ የሁለት ተፋሰስ ድንበር ነው። በሬሳ ወደ ጀማ ገብቶ አባይን ሲቀላቀል፣ ከሰም ግን ቁልቁል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ዞኑን በሳጥን ከቆረጡ ሁለት የተለያየ ታሪክ ቀላቅለው አንድ መስመር ያወጣሉ።

ስለዚህ የዞኑን ካርታ ይተዉና የአባይን ተፋሰስ ወሰን ይጠቀሙ። ከ170 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሳተላይቱ በደንብ ያየዋል። በዚህ ስፋት 1 ሴንቲ ሜትር ማለት 1.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የትንንሾቹ አራት ማዕዘኖች ስፋት እምብዛም አይለያይም፤ ተራ አማካይ ቢወስዱም ብዙ አያሳስት። ትክክል መሆንዎን ለማረጋገጥ ወራቱን ይመልከቱ፦ መስመሩ ክረምቱ ማብቂያ ላይ ጣሪያ ነክቶ፣ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ወለል መንካት አለበት። ካልሆነ ወሰኑን ወይም የቀን አቆጣጠሩን እንደገና ይፈትሹ።

ግራፉን ሲስሉ ከሰኔ 2017 እስከ ሰኔ 2018 ያለውን ክፍተት እንዳይሞሉት። ኤክሴል ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ መስመር ያገናኛቸዋል፣ ለዓይንም ያምራል። ግን እኛ የ2009 ክረምት የምንለው ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው የወደቀው። መስመሩን ያየ ሰው ያን ዓመት ዝናብ አልዘነበም ሊል ይችላል። ባዶውን ባዶ ይተዉት።

ከሐምሌ 2020 ወዲህ ደግሞ የህዳሴ ግድብ አለ። ሙሉ ሲሆን የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በተፋሰሱ ላይ ቢዘረጋ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሳተላይቱ የሐይቅና የከርሰ ምድር ውሃ አይለይም፤ ክብደት ብቻ ነው የሚያውቀው። ሐይቁን ሳይቀንሱ “የከርሰ ምድር ውሃችን ጨመረ” የሚል ግራፍ ካወጡ ያወጡት የግድቡን ሙሌት ነው። የሐይቁን መጠን በየወሩ የሚያገኙበት መንገድ ከሌለዎት እስከ ግንቦት 2020 ባለው ይወሰኑ።

ከዚያ የአፈሩን እርጥበት፣ የመሬቱን ውሃ በኮምፒውተር ከሚያሰላው ግልዳስ ሞዴል ወስደው፣ ከሳተላይቱ ቁጥር ላይ ይቀንሱ። እሱም በራሱ ዜሮ ነጥብ ስለሚመጣ የ2004–2009 አማካዩን ቀድመው ያንሱለት። የሚተርፈው በግምት የከርሰ ምድር ውሃ ለውጥ ነው። “በግምት” የምለው የሞዴሉ ስህተት በሙሉ እዚያች ትራፊ ላይ ስለሚጠራቀም ነው።

የደብረ ብርሃኑ ክርክር ግን በዚህ አይፈታም። ለእሱ ዲፕ ሜትር (የጉድጓድ ውሃ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ የሚለካ መሣሪያ) ይዞ ጉድጓድ ላይ መቆም ነው። ፓምፑ ቆሞ ውሃው ወደ ቦታው ሲመለስ ይለኩ፣ ሁልጊዜም ከቧንቧው አፍ ከአንድ ምልክት ይጀምሩ፣ በየወሩ ይመዝግቡ። እዚህም አንድ ነገር አይርሱ፦ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ሜትር ወረደ ማለት አንድ ሜትር ውሃ ሄደ ማለት አይደለም። ውሃ የሚይዘው የዓለቱ ስንጥቅ ከመቶ ሦስት እጅ ብቻ ቢሆን የሄደው 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከሳተላይቱ ቁጥር ጋር የሚነጻጸረውም ይሄኛው ነው።