የህንዶች እንቁላል ካሪ፦ ስለ ጥቅሙ ስናወራ የምንሳሳተው

ህንዶች «አንዳ ካሪ» የሚሉት የእንቁላል ወጥ ጥሩ ምግብ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ፕሮቲንም አለው። የጤና ነገር ሲነሳ ግን ብዙ ሰው የሚፈራው እንቁላሉን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ቁሌቱን ነው።

ትልቁ ስህተት ዘይቱን አለመቁጠር ነው። አንድ ትልቅ የተቀቀለ እንቁላል ወደ 78 ካሎሪና 6 ግራም ፕሮቲን አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ለሁለት ሰው ሦስት ማንኪያ ካፈሰሱ ለእያንዳንዱ ከዘይቱ ብቻ 180 ካሎሪ ይደርሰዋል። ሁለት እንቁላል እንኳ ይህን ያህል የለውም። ሽንኩርቱን አድቅቀው ይክተፉ፣ በለስላሳ እሳት ያቁላሉት፣ መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ህንዶች ቅመሙ መብሰሉን የሚያውቁት ዘይቱ ተለይቶ ወደ ድስቱ ጠርዝ ሲወጣ ነው። ያኔ ትርፉን በማንኪያ ቀድቶ ማውጣት ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተት ከስልክ መተግበሪያ ያገኙትን የካሎሪ ቁጥር ለሁሉም ካሪ መውሰድ ነው። በምሥራቅ ህንድ ቤንጋል ውስጥ የተቀቀለው እንቁላል እርድና ጨው ተቀብቶ በሰናፍጭ ዘይት ይጠበስና ከድንች ጋር ይሠራል። በደቡብ ህንድ ኬረላ ላይ የኮኮናት ወተት ይገባበታል። በሰሜን ህንድ ብዙ ምግብ ቤቶች ደግሞ ካሽው በሚባል በተፈጨ የለውዝ ዓይነትና በክሬም ያወፍሩታል። የስባቸው መጠን በጭራሽ አንድ አይደለም።

አስኳሉን አውጥቶ መጣልስ? ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ እና ኮሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ያሉት እዚያ ነው። ከፕሮቲኑም 40 በመቶ ገደማው አስኳሉ ውስጥ ነው። አዎ፣ 186 ሚሊግራም ያህል ኮሌስትሮል አለው። ግን የብዙ ሰውን የደም ኮሌስትሮል ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው እንደ ኮኮናት ወተትና ክሬም ካሉ ምግቦች የሚገኘው የረጋ ስብ (ሳቹሬትድ ፋት) ነው። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ያማክር።

እርዱን እንደ መድኃኒት ማየትም ልክ አይደለም። ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ከእርዱ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለጣዕሙና ለቀለሙ ይጨምሩት፣ ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ካሪውን ሙሉ ምግብ ነው ብሎ መተው። እንቁላል ፋይበርም ቫይታሚን ሲም የለውም። ሊወጣ ሲል ቆስጣ ይጨምሩበት፣ ሎሚ ይጭመቁበት። ሩዙንም ከሁለት ጭልፋ ወደ አንድ ይቀንሱና በቦታው ሰላጣ ያቅርቡ።