ሁለት ሥራ፣ አንድ ታክስ፦ አሜሪካ ለሚሠሩ ነርሶች ችግርና መፍትሄ

ኤፕሪል ላይ የሚያስደነግጠው ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ኦሪየንቴሽን ቀን፣ ከባጅና ከፓርኪንግ ወረቀት ጋር ተደርቦ ሳይነበብ በተፈረመ ቅጽ ነው። ስለዚህ ይህን ሲያነቡ የመጨረሻውን ፔይስታብና ያለፈውን ዓመት ደብሊዩ ቱ (አሠሪው የሚሰጠውን የዓመቱን የደመወዝና የታክስ መግለጫ) አጠገብዎ ያድርጉ። ስሌቶቹ የ2026 የፌዴራል ታክስ ናቸው።

ሁለቱም ሥራ ታክስ ይቆርጣል፤ ኤፕሪል ላይ ግን ከ6 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ መጣ

ሁለተኛ ሥራ የያዘ ነርስ በብዛት የሚገጥመው ይህ ነው። እያንዳንዱ አሠሪ የሚያውቀው እሱ የሚከፍለውን ብቻ ነው። ሁለቱም ስታንዳርድ ዲዳክሽኑን (ታክስ የማይከፈልበትን የገቢ ክፍል) ያነሱልዎታል፤ ሁለቱም ከ10 በመቶው እርከን ይጀምሩልዎታል። ሕጉ ግን ይህን ለአንድ ሰው የሚፈቅደው አንዴ ነው።

ላላገባች ነርስ እናስላው። ሆስፒታሉ በዓመት 90,000 ዶላር ይከፍላታል፤ ነርሲንግ ሆሙ ደግሞ በፐርዲየም (በተጠራች ቀን ብቻ እየሠራች) 40,000። ሆስፒታሉ 10,970 ገደማ ይቆርጣል፣ ነርሲንግ ሆሙ 2,620፤ ድምሩ 13,590 ነው። ከ130,000ው ላይ 16,100 ዲዳክሽን ተነስቶ በእውነት የሚፈለግባት ግን 19,934 ነው። ጉድለቱ 6,344 ዶላር። ፔይሮሎቹ (ደመወዝ የሚያሰሉት ክፍሎች) አልተሳሳቱም፤ የተሰጣቸውን ቅጽ ነው ያሰሉት።

መፍትሄው ደብሊዩ ፎር (ሥራ ሲጀመር የሚሞላው የታክስ አቆራረጥ ቅጽ) ላይ ስቴፕ 2 ነው፤ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ክፍል። ሥራዎቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ 2(ሲ) ላይ ያለችውን ሳጥን በሁለቱም አሠሪዎች ቅጽ ላይ ምልክት ያድርጉባት። በአንዱ ብቻ ካደረጉ ጉድለቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በምሳሌያችን ይህ 20,352 ዶላር ያስቆርጣል፤ ትርፉ 418 በሪፈንድ ይመለሳል። ሌላው መንገድ ጉድለቱን ለቼኮቹ ማካፈል ነው፦ 6,344 በየሁለት ሳምንቱ ለሚመጡት 26 ቼኮች ሲካፈል 244 ዶላር። ይህን ቁጥር ከፍ ያለ በሚከፍለው ሥራ ቅጽ ላይ ስቴፕ 4(ሲ) (በየቼኩ ተጨማሪ እንዲቆረጥ የሚጠየቅበት መስመር) ውስጥ ይጻፉት። ሁለተኛ ሥራ እንዳለዎት ሆስፒታሉ እንዲያውቅ ካልፈለጉ ይህኛው ይሻላል። ነገሩ የገባዎት ጁላይ ላይ ከሆነ የቀሩት ቼኮች 13 ስለሆኑ በቼክ 488 ይሆናል።

ልጆችን ስቴፕ 3 ላይ በሁለቱም ቅጽ መጻፍ ጉድለቱን ያብሰዋል፤ በአንዱ ብቻ፣ ከፍ ባለው ላይ ይሁን። ባልና ሚስት ሁለታችሁም የምትሠሩ ከሆነም ስሌቱ ያው ነው። ሥራዎቹ ሦስት ከሆኑ ግን ሳጥኗ አትበቃም፤ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ያለውን የዊዝሆልዲንግ ማስያ ይጠቀሙ።

ኤጀንሲው በሰዓት ደህና ይከፍላል፤ ከቼኩ ግን ምንም አይቆረጥም

ደብሊዩ ፎር ሳይሆን ደብሊዩ ናይን (እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ግል ተቋራጭ የሚያስቆጥር ቅጽ) አስፈርመውዎታል ማለት ነው። ጃንዋሪ ላይ የሚመጣልዎት በደብሊዩ ቱ ምትክ 1099 (የተቋራጭ ክፍያ መግለጫ) ይሆናል። 20,000 ዶላር በዚህ መንገድ ካገኙ ከገቢ ታክሱ በተጨማሪ 2,826 ዶላር ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ይከፍላሉ፤ የአሠሪው ድርሻም በእርስዎ ላይ ወድቋልና። በመርፌ ቢወጉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወርከርስ ኮምፕ (የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ) የለም፤ ከገንዘቡ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ይመስለናል።

ሺፍትዎን ሌላ ሰው የሚመድብ፣ ቻርቱንና መድኃኒት አሰጣጡን ሱፐርቫይዘር የሚቆጣጠር ከሆነ በሕግ ዓይን ሠራተኛ የመሆንዎ ዕድል ሰፊ ነው። መጀመሪያ በጽሑፍ ደብሊዩ ቱ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ሠራተኛ ወይም ተቋራጭ መሆንዎ እንዲወሰን የሚጠየቅበትን ኤስኤስ-8 የተባለውን ቅጽ ለአይአርኤስ ይላኩ። ታክስ ሲያሠሩም ቅጽ 8919 ይጨመር፤ ያኔ የሚከፍሉት የሠራተኛውን ድርሻ፣ 7.65 በመቶውን ብቻ ነው።

1099 ላይ ከቆዩ ግን በየሩብ ዓመቱ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 መክፈል አለ። ያን ያህል ቀን መቁጠር ለሰለቸው ሰው ቀላል ዘዴ አለ፦ ሆስፒታሉ ጋ ያለውን ስቴፕ 4(ሲ) ከፍ ማድረግ። አይአርኤስ ከደመወዝ የተቆረጠን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ስለሚቆጥረው፣ ኖቬምበር ላይ እንኳ ቢያስቆርጡ ከዘገየ ክፍያ ቅጣት ያድናል።

«ኦቨርታይም ታክስ የለውም» ተብሎ፣ የተቀነሰው ግን ትንሽ ሆነ

ከ2025 እስከ 2028 የሚሠራው ሕግ ነጻ የሚያደርገው ሙሉውን ኦቨርታይም ሳይሆን በመደበኛው ክፍያ ላይ የተጨመረችውን ግማሽ ነው። በሰዓት 50 ዶላር የሚከፈለው ሰው ኦቨርታይሙ 75 ነው፤ የምትቀነሰው 25ቷ ናት። 200 ሰዓት ከሠራ 15,000 ያገኛል፤ 5,000 ይቀነስለታል፤ በ22 በመቶ እርከን ላይ ካለ 1,100 ዶላር ይተርፈዋል። ጣሪያው 12,500 ዶላር ነው፤ በጋራ ለሚያስገቡ ባለትዳሮች 25,000። ያላገባ ሰው ገቢው ከ150,000፣ የባለትዳሮች ከ300,000 ሲያልፍ ቅናሹ እየቀነሰ ይሄዳል። ያገቡ ሰዎች ለየብቻ ካስገቡ አያገኙትም።

የሌሊት ዲፈረንሻልና የበዓል ጭማሪ ብቻቸውን አይቆጠሩም። አንድ ቦታ 36፣ ሌላ ቦታ 24 ሰዓት ሠርቶ 60 መሙላትም በተለያዩ አሠሪዎች ዘንድ ኦቨርታይም አይሆንም። ሆስፒታሉ በ8/80 ደንብ የሚከፍል ከሆነ ግን በቀን ከ8 ወይም በሁለት ሳምንት ከ80 ሰዓት ያለፈው ይቆጠራል። የ2026 ደብሊዩ ቱ ሳጥን 12 ላይ «ቲቲ» የሚለውን ኮድ ይፈልጉ፤ ኦቨርታይም ሠርተው ኮዱ ከሌለ ፔይሮል ጋ ይደውሉ። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ግን ከኦቨርታይሙም ይቆረጣሉ።

ቤቴ ቨርጂኒያ፣ ሥራዬ ሜሪላንድ፤ ታክሱን የቆረጠው ሜሪላንድ

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ስምምነት አላቸው፦ ደመወዝ ላይ ታክስ የሚከፈለው ለሚኖሩበት ነው። የተሳሳተው ስቴት የቆረጠው የነዋሪነት ቅጹ ስላልተሞላ ነው። ሜሪላንድ ለሚሠሩ ኤምደብሊዩ 507፣ ቨርጂኒያ ለሚሠሩ ቪኤ-4፣ ዲሲ ለሚሠሩ ዲ-4ኤ ለፔይሮል ይስጡ። የተቆረጠውን ለማስመለስ ሜሪላንድ ላይ ቅጽ 505፣ ቨርጂኒያ ላይ 763ኤስ፣ ዲሲ ላይ ዲ-40ቢ ይሞላል። እስኪመለስ ድረስ የሚኖሩበት ስቴት አይጠብቅዎትም፤ ዕዳውን በጊዜው ይፈልጋል።

ከሥራ ባልደረባዬ ጋር እኩል እናገኛለን፤ የእሷ ሪፈንድ ግን ሦስት እጥፍ ነው

ምናልባት ልጆች አሏት። ካልሆነ ሪተርኗ ውስጥ ስኬጁል ሲ (የግል ቢዝነስ ገቢና ወጪ ቅጽ) ገብቶ እንደሆነ ትይ። ደብሊዩ ቱ ብቻ ያለው ነርስ ስክራብ፣ ጫማ፣ ስቴቶስኮፕ፣ የቢኤልኤስ (የነፍስ አድን ሥልጠና) ማደሻና የላይሰንስ ክፍያ በፌዴራል ታክስ ላይ ከ2018 ጀምሮ መቀነስ አይችልም፤ በ2025 ሕጉ ቋሚ ሆኗል። አንዳንድ ታክስ ሠሪዎች ይህን ለመዝለል የሌለ ቢዝነስ ከፍተው ኪሳራ ይጽፋሉ። ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው። ሠሪው ስሙንና የፒቲን ቁጥሩን (አይአርኤስ ለታክስ ሠሪዎች የሚሰጠውን መለያ) ሳይጽፍ «ራስህ እንደሞላኸው ይሁን» ካለ ወረቀትዎን ይዘው ይውጡ። ያለፈው ሪተርን በማረሚያው ቅጽ፣ በ1040ኤክስ ይስተካከላል።

በሕጋዊ መንገድ የሚቀነስ ነገር ለሚፈልግ ትምህርት አለ፦ አሠሪው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነጻ ሊከፍል ይችላል። ከኪስ ለተከፈለ የቢኤስኤን ትምህርት ደግሞ ገቢው ከገደቡ ያላለፈ ሰው በላይፍታይም ለርኒንግ ክሬዲት እስከ 2,000 ያገኛል።

አገር ቤት ወላጆቼን እረዳለሁ፤ ዲፔንደንት ብዬ ስጽፍ ተመለሰብኝ

ኢትዮጵያ የሚኖሩ፣ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌላቸው ወላጆች የቱንም ያህል ቢላክላቸው ዲፔንደንት (በታክስ ሕግ እንደ ጥገኛ የሚቆጠር ሰው) አይሆኑም። ግሪን ካርድ ይዘው እዚህ መጥተው ከወጪያቸው ከግማሽ በላይ የሚሸፍኑት እርስዎ ከሆኑና የራሳቸው ገቢ አነስተኛ ከሆነ ግን 500 ዶላር ክሬዲት አለ። አገር ቤት በስምዎ ያሉት ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር (የውጭ አገር የባንክ ሒሳብ ማሳወቂያ) ያስገቡ፤ ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው፣ ሳይጠይቁ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል። ታክስ የለበትም፤ አለማስገባቱ ግን ከባድ ቅጣት አለው። የባንኩ ወለድ በሪተርኑ ላይ ለብቻው ይጻፋል።

ሥራው ተገኘ፤ ኤችአር «ላይሰንስሽ እዚህ አይሠራም» አለ

መልቲስቴት ላይሰንስ (የኮምፓክቱ፣ ማለትም የስቴቶች የነርስ ላይሰንስ ስምምነት፣ አባል በሆኑ ስቴቶች ሁሉ የሚያሠራው) የሚከተለው የሚኖሩበትን ስቴት ነው። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ቤት ከቀየሩ፣ ሁለቱም የኮምፓክቱ አባል ስለሆኑ፣ በ60 ቀን ውስጥ ለቨርጂኒያ ማመልከት አለብዎት። መንጃ ፈቃድና የታክስ አድራሻ ቨርጂኒያ ሆኖ ላይሰንሱ ሜሪላንድ ላይ ሲቀር ነው ጥያቄ የሚነሳው። እንደ ካሊፎርኒያ ከኮምፓክቱ ውጭ ወዳለ ስቴት ከሆነ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ በኢንዶርስመንት (ያለውን ላይሰንስ መሠረት አድርጎ አዲስ በመጠየቅ) ያመልክቱ፤ ላይሰንሱ ሳይወጣ ከአሮጌው ሥራ አይልቀቁ። የናርሲስ (የነርሶች ላይሰንስ መረጃ ቋት) ኢ-ኖቲፋይ አገልግሎት በነጻ ነው፤ ላይሰንስዎ ሊያልፍ ሲል በኢሜል ያስታውስዎታል።