ልጆች ነጠብጣብ እየተከተሉ ፊደል ሲጽፉ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጅን ነጠብጣብ እያስከተሉ ፊደል ማስጻፍ ጥሩ ዘዴ ነው። ዋናው ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ቆንጆ ፊደል መታየቱ አይደለም። እጁ የፊደሉን መንገድ መልመዱ ነው። ይህን ስንረሳ የሚከተሉት ስህተቶች ይመጣሉ።

የተጻፈውን አይቶ አጻጻፉን አለማየት። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ልጄ «በ»ን ከነጠብጣቡ ሳትወጣ ጽፋ ስታሳየኝ «ጎበዝ!» ብዬ አልፍ ነበር። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት። ከግራው እግር ግርጌ ተነስታ ወደ ላይ ወጣች። እርሳሱን አነሳችና ቀኙንም እግር ከታች ወደ ላይ ሳበችው። በመጨረሻ ሁለቱን ከላይ አገናኘቻቸው። ፊደል መጻፍ ሳይሆን ሥዕል መሳል ነበር። ባዶ ወረቀት ስሰጣት ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት። ስለዚህ መነሻው ላይ ደማቅ ነጥብ ያድርጉ፤ አቅጣጫውንም በትንሽ ቀስት ያመልክቱ። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። መጀመሪያ እርስዎ ቀስ ብለው ጽፈው ያሳዩት።

ገና ከመጀመሪያው እርሳስ ማስያዝ። ጣት ይቅደም። ጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንቴሶሪ ልጆችን የምታስጀምረው ከሸካራ ወረቀት የተሠሩ ፊደሎችን በጣታቸው በማስዳሰስ ነበር። ሸካራ ወረቀት ከሌለ ሰፊ ሳህን ላይ አሸዋ ይበቃል። ጣቱ ሲሄድ አፉም «በ» ይበል፤ ድምፁና ቅርጹ አብረው ይያዙ። እርሳሱ ሲመጣ ደግሞ አጭር ይሁን። ትንሽ እጅ አጭሩን በሦስት ጣት መያዝ ይቀለዋል።

እጁን ይዞ መጎተት። አንዴ ሁለቴ ለማሳየት ችግር የለውም። ሁልጊዜ ከሆነ ግን የሚጽፈው የእርስዎ እጅ ነው።

በገበታው ተራ ብቻ ማስጻፍ። ለማንበብ «ሀ ሁ ሂ» ማለት መልካም ነው። ለእጅ ግን ቀጥ ያለ መስመር ከክብ ይቀላል። በ«በ» ቢጀምር በቀላሉ ይራመዳል። «ቡ» ላይ ወገቡ ጋ ጭረት ይጨመራል፣ «ቢ» ላይ እግሩ ሥር። «ባ» ሲሆን ግራ እግሩ ያጥራል፣ «ቤ» ሲሆን ቀኝ እግሩ ቀለበት ያስራል። ልጁ ይህን አንዴ ካየ «ሰ»ም ላይ ራሱ ያገኘዋል።

ገጽ ሙሉ ማስጻፍ። እጁ ሲደክም ፊደሉም ይበላሻል፤ የተበላሸውን ደግሞ ይለምደዋል። አምስት ስድስት ፊደል በትኩረት ከጻፈ ይበቃዋል።

ነጠብጣቡን ሳያነሱ መቆየት። ወራት ሙሉ ነጠብጣብ የተከተለ ልጅ ያለሱ ሲሆን ሊቸገር ይችላል። ቀስ በቀስ ያሳሱት። መጀመሪያ ሙሉ ነጠብጣብ፣ ቀጥሎ ራቅ ራቅ ያለ፣ ከዚያ የመነሻዋ ነጥብ ብቻ። እዚያው መስመር ላይ ሁለቱን በነጠብጣብ ከጻፈ ሦስተኛውን በራሱ ይሞክር። ቢጣመምበት አያጥፉት። ፊደሉን በጣቱ አንዴ ይሂድበትና ከጎኑ ደግሞ ይጻፈው።