የሩጫ ፊልም ስታዩ እውነቱን ከድራማው እንዴት ትለያላችሁ

መጀመሪያ ፊልሙን ሳትከፍቱ ውድድሩን ራሱን ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ እዩት፣ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙር። ከዛ ፊልሙ ምን እንደጨመረ ወዲያው ይታወቃችኋል።

ቀጥሎ እጅ እዩ፣ ፊት ሳይሆን እጅ። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ኢንዱራንስ ፊልም ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱን ሆኖ ነው የሚሰራው፣ ግራ እጁ ደብተር እንደያዘ ልጅ ደረቱ ጋ ታጥፎ ይቀራል፣ ትምህርት ቤት እየሮጠ ሲመላለስ የለመደው ነው፣ ይሄን የትኛውም ተዋናይ አስመስሎ አያመጣውም። ተዋናይ ሲሮጥ ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ አልተለማመደም ማለት ነው፣ የረጅም ርቀት ሯጭ ትከሻው ልቅ ነው።

ሦስተኛ፣ የድህነት ትረካ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም 1960 ኦሎምፒክ ማራቶን ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ መግዣ አጥቶ አይደለም፣ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፣ ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው እና በባዶ እግሩም ይለማመድ ስለነበር ነው። አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነንስ? ፊልሙ አሰልጣኝና የልምምድ ዓመታትን ዘሎ "ተፈጥሮ ነው" ብሎ ከነገራችሁ ልፋቱን ሰርቆታል።

ጊዜ ካላችሁ የአበበን የቶኪዮ 1964 ማራቶን ምስል እዩ፣ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ሳምንታት በኋላ 2:12:11 ገብቶ ሳሩ ላይ ስፖርት ሲሰራ ታዩታላችሁ፣ ሙዚቃም አያስፈልገውም።