ኦርጋኖይድ ማሳደግን ለሮቦት ስትሰጡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ኦርጋኖይዶች፣ ማለትም ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መቀየር ከሚችል ሴል) የሚያድጉ ትናንሽ የአንጀትና የአንጎል አምሳያዎች (አንጀቱ በ2009፣ አንጎሉ በ2013 ነው የመጣው) እስካሁን ባብዛኛው በእጅ ነው የሚሰሩት፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃሉ፣ ሚዲያ (ሴሎቹ የሚመገቡት ፈሳሽ) መቀየር ደሞ ቅዳሜ እሁድ አይልም። ስለዚህ ሮቦት መፈለጋችሁ ትክክል ነው። ግን ማሽን ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ነው የሚደግመው፣ አራት ኪሎም ሆነ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ይሄን ስራ ለመጀመር የምታስቡ ልጆች ይቺን ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ስህተት በእጅ ያልጸና ፕሮቶኮል (የአሰራር ቅደም ተከተል) ማሽን ላይ መጫን ነው። ሁለት ሰው በአንድ ቀን ከአንድ ዓይነት ሴል ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር ካላወጣ ሮቦቱ ገና ነው፣ በቃ።

ሁለተኛው እዚህ ከተማ ላይ የባሰ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ፕሮቶኮሉ ሁሉ ስለ ኢንኩቤተሩ (ሙቀትና ጋዝ ጠብቆ ሴል የሚያሳድገው ሳጥን) «37 ዲግሪ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ይላል፣ ይሄ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል አካባቢ ላቦች የሚሆን ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቷ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጋዙ በትክክል 5 በመቶ ቢሆንም ሚዲያው ውስጥ የሚሟሟው እዛ ታች 3.8 በመቶ ላይ የሚሟሟውን ያህል ብቻ ነው፣ አሲዱን የሚያመጣጥነው ባይካርቦኔት ደሞ ያው ስለሆነ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ከፍ ሲል አሲዱ ቀንሷል ማለት ነው) በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ፌኖል ሬድ (በፒኤች ቀለሙ የሚቀየር ማቅለሚያ) ያለው ሚዲያ ከሆነ ፕሌቱን (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ባለ ትናንሽ ጉድጓድ ሳህን) ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ እዩት፣ ወደ ሮዝ ካደላ ነገሩ ይሄ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ 6.5 በመቶ አካባቢ ከፍ አድርጉና ኢንኩቤተር ውስጥ ያደረ ሚዲያ ፒኤች ለክታችሁ አስተካክሉ፣ ስክሪኑን ብቻ አትመኑ፣ ከፍታ የሚሞላበት ሴቲንግ ያለው ኢንኩቤተርም አለ ማኑዋሉን እዩ። ኦክስጅኑም በዛው ልክ ይቀንሳል እኮ! ኦርጋኖይድ የደም ስር የለውም፣ ኦክስጅን የሚደርሰው ከውጪ ሰርጎ ነው፣ ስለዚህ ሲተልቅ መሃሉ ይሞታል። ውጪ ሀገር ፔፐር ላይ ያያችሁትን የኦርጋኖይድ መጠን እንዳለ አትገልብጡ፣ በየጊዜው ጥቂቱን ቆርጣችሁ መሃሉን እዩ።

ማትሪጄል፣ ኦርጋኖይዱ ተቀብሮ የሚያድግበት ጄል ነው። በ4 ዲግሪ ፈሳሽ ነው፣ ከ10 ዲግሪ ካለፈ ግን መርጋት ይጀምራል፣ እና ሮቦቱ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ፕሌቱን ሞልቶ እስኪጨርስ መጨረሻ ላይ ያሉት ጉድጓዶች እንደ ተልባ የተጎተተ ነገር ነው የሚደርሳቸው። ማቀዝቀዣ ያለው መደብ፣ የቀዘቀዘ ቲፕ (ፈሳሹን የሚስበው የፕላስቲክ ጫፍ)፣ ቀስ ያለ ፍጥነት ያስፈልጋል። ከአይጥ የካንሰር ዕጢ የሚወጣ ነገር ስለሆነ ከሎት ሎት (ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው) ይለያያል፣ ቦሌ ካርጎ የደረሰ ቀን ደረቅ በረዶው መኖሩን እዩ፣ የሎት ቁጥሩን ከዳታው ጋር አብራችሁ መዝግቡ።

ሚዲያ ሲቀየር ደሞ ቲፑን መሃል ላይ አትላኩት። ዩ ቅርጽ ባለው ፕሌት ኦርጋኖይዱ የሚቀመጠው መሃል ታች ነው፣ ከሚዲያው ጋር ተመጦ ይሄድና ሶፍትዌሩ «ተሳክቷል» ብሎ ይመዘግባል። ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጉት፣ ግማሹን ብቻ አውጡ፣ ከዛ በፎቶ አረጋግጡ። ዳር ዳር ያሉት ጉድጓዶች ቶሎ ይተናሉ፣ የበጋው ደረቅ አየር ሲጨመርበት የባሰ ነው፣ እነሱን ስቴራይል ውሃ ሞልታችሁ ተዉአቸው።

መብራት ሲጠፋ ሰው ስለ ኢንኩቤተሩ ብቻ ነው የሚጨነቀው፣ ሮቦቱን የሚያዘው ኮምፒውተር ግን ይረሳል! ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ክፍተት ናት ፕሮግራሙን ግማሽ ላይ የምትቆርጠው፣ መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያንኑ ጉድጓድ ሁለቴ ይመግባል። ሁለቱም ላይ ዩፒኤስ ይኑር፣ ፕሮግራሙም የት ጉድጓድ ላይ እንደቆመ እየጻፈ ይሂድ።

ማይኮፕላዝማን (ሴል የሚበክል በጣም ትንሽ ባክቴሪያ) በፔኒሲሊን አስቀራለሁ ማለትም አይሆንም፣ ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የሴል ግድግዳን ነው፣ እሱ ደሞ ግድግዳ የለውም። አንድ የተበከለ የሚዲያ ጠርሙስ በሮቦት አንድ ሌሊት ስንት ፕሌት እንደሚዳርስ አስቡት። በፒሲአር በየጊዜው መርምሩ፣ አዲስ የገባ ሴል ደሞ ሳይመረመር ሮቦቱ ጋ አይድረስ።

ሌላው የካሜራው ነገር ነው። ክብ ነው፣ መጠኑ እኩል ነው ተብሎ ያለፈ ኦርጋኖይድ ውስጡ የተለያየ ሴል ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከየባቹ (ባንድ ዙር ከተሰራው) ጥቂቱን ስቴይን አድርጉ፣ ማለትም የሴሉን ዓይነት በሚለይ ቀለም አቅልሙ። የመነሻውን ስቴም ሴል ክሮሞዞምም አትርሱ፣ በተለይ ክሮሞዞም 20 ላይ ቶሎ የመራባት ዕድል የሚሰጥ የታወቀ ለውጥ አለ፣ እሱ ከገባ ፕሌቱ ላይ የሚታየው ፈጣንና ያማረ እድገት ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም፣ ስለዚህ ባንክ ስትሰሩም (ሴሉን አቀዝቅዛችሁ ስታስቀምጡ)፣ ብዙ ፓሴጅ (ወደ አዲስ ሳህን ከፋፍሎ ማዛወር) ሲያልፍም አስመርምሩ።