ሞተር ሳይክሌን ከላስቲክ ሥር ያወጣኋት እንዲህ ነው

ከአዘዞ የገዛኋትን አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሙሉ በሙሉ ፈታትቼ ስምንት ወር በላስቲክ ሸፍኜ ተውኳት። ሳያት ልቤ ይደክም ነበር። ጥፋቴ ሁሉንም በአንዴ መፍታቴ ነው።

መጀመሪያ ላስቲኩን ገፍፌ በሩ አጠገብ አመጣኋት። ብሎኖቹን በየጣሳው ለየሁ። ከዚያ ማታ ማታ አንድ ሥራ ብቻ! አንድ ቀን ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ከፍቼ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አጠብኩ። ቀዳዳዋ ከመርፌ ዓይን ትጠባለች። ወደ አምፖሉ አንስቼ ሳያት ጭላንጭል ታየኝ። ያን ሌሊት በደስታ ተኛሁ።

ቀለሙን ለመጨረሻ ገፋሁት፤ ድምጿን መስማት ይቀድማል ብዬ። ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል አዲስ ካንዴላ አስገብቼ ረገጥኳት። በአምስተኛው ተነሳች! ጭሱ ግቢውን ሞላው። እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ፣ «ተነሳችልህ ልጄ?» ብላ እልል አለች።

ዛሬ ማታ የፊት ፍሬኑን እሠራለሁ።