«ሰላም» ስንት ፊደል ነው?

በጎላንግ የመጀመሪያ ሥራዬን ስሠራ የደንበኛ ስም ከ20 እንዳያልፍ አድርጌ ነበር። (የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ስም «ጎ» ነው፤ «በጎ ጻፍኩ» ስል በጎ አድራጎት ስለሚመስል ጎላንግ እላለሁ።) ሃያ ፊደል ለማን ያንሳል? ደረሰኙ ሲታተም ወይዘሮ ወለተማርያም «ወለተማርያ» ተብለው ወጡ፤ መጨረሻው ላይ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ የተቀመጠ የጥያቄ ምልክት አለ። ስማቸው እኮ ሰባት ፊደል ነው!

ለካ የቆረጥኩት ፊደል ሳይሆን ባይት (ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ) ነው። ፊደላት ወደ ባይት በሚቀየሩበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ሰባቱ 21። «ም» አንድ ባይት ጎደለባት።

ስለዚህ አዲስ ቋንቋ ስትጀምሩ መጀመሪያ የ«ሰላም»ን ርዝመት ጠይቁት። ፓይተን 3 ይላል። ጎላንግ 9። ፒኤችፒም ርዝመት በሚለካበት ፈንክሽን፣ በስትርሌን፣ 9 ነው፤ በ«ኤምቢ» የሚጀምሩትን ፈንክሽኖች ከተጠቀማችሁ ይስተካከላል።

ጎላንግ 9 የሚለው ስለ እኛ ፊደል ሳይጨነቅ ቀርቶ አይደለም። ዩቲኤፍ-8ን በ1992 የነደፉት ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ከቋንቋው ፈጣሪዎች መካከል ናቸው። የባይቱ ቁጥር አስቀድሞ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ፊደል ለመቁጠር ግን ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ያስፈልጋል። እናንተ ጽሑፉን መጀመሪያ ወደ ሩን ስላይስ (በባይት ሳይሆን በፊደል ወደተከፋፈለ ዝርዝር) ቀይሩት፣ ከዚያ ቁረጡት። እኔ የዘለልኩት ይህችን አንድ መስመር ነው።

ራስት ነገረኛ ነው። «የመጀመሪያውን ፊደል ስጠኝ» ብላችሁ በቁጥር ብትጠይቁት ኮዱን ኮምፓይል አያደርግም፤ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም አይቀይረውም። የፊደል መሀል ላይ ልቁረጥ ብትሉም ፕሮግራሙን እዚያው ያቆመዋል። የሰው ስም ተበላሽቶ ከሚታተም ይቁም፤ ይሄ ጠባዩ ተመችቶኛል።

የሚሸውደው ጃቫስክሪፕት ነው። ለ«ሰላም» 3 ይላችኋል፣ ደስ ይላችኋል። አንድ የፈገግታ ኢሞጂ ጨምሩበትና 5 ይላል። የሚቆጥረው ባለ 16 ቢት ቁራጮችን ነው፤ የአማርኛ ፊደል አንድ ቁራጭ ይበቃዋል፣ ኢሞጂው ሁለት ይፈልጋል። «ኢሞጂ አንጠቀምም» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ በ2021 ወደ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር ወደሚሰጠው መስፈርት) የገቡት የጉራጌ ቋንቋዎች ተጨማሪ ፊደላትም እያንዳንዳቸው 2 ናቸው። መጀመሪያ አሬይ ፍሮም በሚባለው የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን ጽሑፉን በየፊደሉ በታትናችሁ ቁጠሩ።

ኤስኤምኤስ የምትልኩ ከሆነ ግን አትበትኑ። አንድ መልእክት በእንግሊዝኛ 160፣ በአማርኛ 70 ነው የሚይዘው፤ 70ውም የሚቆጠረው በእነዚያው ባለ 16 ቢት ቁራጮች ነው። እዚህ ላይ ጃቫስክሪፕትን እንዳለ እመኑት።